«ምን አድርጋ ይሆን?»

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ተዋናይት ላጫውታችሁ። ስሟ አማንዳ ብሌክ ይባላል። ላታውቋት ትችላላችሁ፤ እኔም ስሟን የሰማሁት በቅርቡ ነው።

አማንዳ እ.ኤ.አ. በ1929 በኒውዮርክ ግዛት፣ በቡፋሎ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ቤቨርሊ ሉዊዝ ኒል ነበር። ተዋናይት ከመሆኗ በፊት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። በ1950 ፊልም ላይ ብቅ ብትልም ዝናን ያተረፈችው በቴሌቪዥን ነው። «ጋንስሞክ» በተባለው የካውቦይ ተከታታይ ድራማ ላይ «ሚስ ኪቲ» የተባለችውን የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆና ከ1955 እስከ 1974 ተጫውታለች። አስቡት እንግዲህ፣ 19 ዓመት ሙሉ አንዲት ገጸ ባሕርይ!

አማንዳ ሲጋራ በብዛት ታጨስ ነበር። በ1977 የአፍ ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። እሷ ግን ቤቷ ገብታ አልተደበቀችም። ሌሎች እንዲማሩባት ከአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር ሆና ሕመሟን በአደባባይ ተናገረች። በ1984 ማኅበሩ ለድፍረት የሚሰጠውን ሽልማት ከፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን እጅ ተቀበለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።

በዚያው ዓመት አገባች። ባለቤቷ በ1985 አረፈ። እሷም ነሐሴ 1989 በ60 ዓመቷ ሳክራሜንቶ ውስጥ ሞተች። ያኔ «የጉሮሮ ካንሰር ነው» ተባለ። ወራት ቆይቶ ግን ሐኪሟ ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም መሞቷን ገለጸ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ምን መሰላችሁ? «ምን አድርጋ ይሆን?» የሚል ጥያቄ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆይቼ በራሴ አፈርኩ። ካንሰር ሲይዛት እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ማጨሷን እያወቅኩ እንኳ አዘንኩላት እንጂ አልፈረድኩባትም። ታዲያ ኤድስ ሲባል ዳኛ ያደረገኝ ማን ነው? ያቺ ካንሰሯን ለሕዝብ የተናገረች ደፋር ሴት፣ ይኼኛውን ሕመሟን ሕዝብ የሰማው ከሞተች በኋላ ነው። መገለል ማለት ይኼው ነው፤ ደፋሩንም ዝም ያሰኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር ልብ በሉ። አማንዳ ባገባችበት በ1984 «ከጋብቻ በፊት እንመርመር» ብትል የት ትሄድ ነበር? የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በመጋቢት 1985 ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ኤዚቲ ደግሞ በ1987 መጣ፤ እሱም ብቻውን ሩቅ አያስኬድም ነበር።

እኛ ግን ምርመራውም መድኃኒቱም አለን። በደሙ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ ከወሰደ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ እዚያው ከቆየም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ራስን ማወቅ፣ ራስን ለማወቅ ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል። «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ የሚፈራ ሰው ደግሞ ወደ ምርመራው አይሄድም። ስለዚህ የእኔና የእናንተ ምላስ በሌላው ሰው ሕይወት ላይ ድርሻ አለው ማለት ነው።

እኔ ከእንግዲህ «ምን አድርጋ ይሆን?» ማለቱን ትቻለሁ። «ምን ላግዝሽ?» ብል ይሻላል። እናንተስ?