ያውቁ ኖሯል? የጡረታ ብር በማን እጅ ይሁን?

ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1981 የመንግሥት ጡረታዋን ለግል ኩባንያዎች ስታስረክብ አሠሪው የሚያዋጣው ድርሻ ጭራሽ መቅረቱን ያውቃሉ? ሠራተኛው ብቻውን ከደመወዙ 10 በመቶ ይቆጥባል፤ ኩባንያዎቹ ገንዘቡን ያሠሩበታል፤ ለዚህም ክፍያ ይቀበላሉ። (በእኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ እንደሚያዋጡ ልብ ይሏል።)

አዋጁን ያወጣው የጄኔራል ፒኖቼ ወታደራዊ አገዛዝ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት አፋቸው በተለጎመበት ዘመን ማን ይከራከር! የሚገርመው ግን ወታደሩና ፖሊሱ ለሌላው ሕዝብ ይበጃል በተባለው ሥርዓት አልገቡም፤ በቀድሞው ጡረታቸው ቀጠሉ።

የዕቅዱ ባለቤት የሠራተኛ ሚኒስትሩ ሆሴ ፒኜራ ነበሩ። ሐሳባቸው ከቁጠባም ያለፈ ነው፤ ሠራተኛው የአክሲዮን ባለድርሻ ከሆነ እንደ ባለሀብት ማሰብ ይጀምራል ብለው ያምኑ ነበር። ሂሳቡ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። የወጣቱ መዋጮ ወደ ኩባንያዎቹ ከሄደ ቀድሞ ጡረታ የወጡትን አዛውንት ማን ይጡር? መንግሥት፤ ማለትም ግብር ከፋዩ።

እስከ 2014 ድረስ ቺሊን ጨምሮ 30 አገሮች ጡረታቸውን በሙሉ ወይም በከፊል ለግል አስረክበዋል። በ2018 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሲቆጥር 18ቱ ወደ ኋላ ተመልሰው ነበር።

ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን ከሚለው ሌላ፣ ሸክሙ ለማን ይከብዳል የሚለውም ያከራክራል። ፈረንሳይ በ2023 የጡረታ መውጫ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ከፍ ስታደርግ አደባባዩ የተጥለቀለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገሪቱ እጅግ ሀብታም ከሆኑት 5 በመቶ ወንዶች እና እጅግ ድሃ ከሆኑት 5 በመቶ ወንዶች መካከል ያለው በሕይወት የመቆያ ዕድሜ ልዩነት 13 ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱ ዓመት ለአንዱ የማረፊያ ጊዜው ቅናሽ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ካለችው አጭር ዕረፍት ትልቅ ድርሻ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ በ2024 ለጡረታ የሚቆረጠው ከመጀመሪያው 168,600 ዶላር ገቢ ላይ ብቻ ነበር። የሚሊዮን ዶላር ደመወዝተኛ የዓመት ግዴታውን በሁለት ወር ገደማ ይገላገላል። በራሱ ታክሲ የሚያድረው የዋሺንግተን ወገናችን ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል፤ ያውም የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ፣ 12.4 በመቶ።

ቺሊስ? በ2025 የአሠሪው መዋጮ ደረጃ በደረጃ ወደ 8.5 በመቶ እንዲያድግ የሚያደርግ ሕግ አጸደቀች። ወታደሮቹ አሁንም በዚያው በራሳቸው ጡረታ ናቸው።