ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሦስት መጻሕፍት

ዱርንፎንቴን ውስጥ ያገለገሉ መጻሕፍት ሳገኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው ብርቱካናማ ሽፋን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሄይነማን «የአፍሪካ ደራስያን» ተከታታይ ኅትመት ልብ ወለዶቹን በዚህ ቀለም ያሳትም ነበርና። ከእኛም ደራስያን የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» (1969) እና የዳኛቸው ወርቁ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» (1973) በዚሁ ተከታታይ ወጥተዋል፤ ሁለቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። «አፈርሳታ» ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማወቅ የጉራጌ መንደር ነዋሪዎች ተሰብስበው የሚያደርጉትን ምርመራ ይተርካል።

ሦስተኛው ምርጫዬ የአሌክስ ላ ጉማ «የሌሊት ጉዞ» ነው። ደራሲው ደቡብ አፍሪካዊ ቢሆንም፣ በአፓርታይድ ዘመን ሥራዎቹ በገዛ አገሩ ታግደው ነበር።

እዚህ ያደገው ታናሽ ወንድሜ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። አገሩን በመጽሐፍ ያወቀው በ«አፈርሳታ» ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ታናሽ ካላችሁ፣ ከእነዚህ አንዱን ስታገኙ አትለፉት።