የኢንተርኔትን ቃላት አጥርቶ ስለ ማወቅ

ዳኛ የሕግን ቃል፤ መሪጌታም የዜማን ምልክት ሳያውቅ ሥራውን በሚገባ ሊያካሂድ እንደማይችል የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የገንዘብ ዝውውር በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት የሚፈጸም ስለ ሆነ፤ የዚህን ሥራ ቃላት አለማወቅ ትዝብት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም የሚያመጣ ሆኗል።

በደቡብ አዲስ አበባ ያለችው ሀና ማርያም የምትገኝበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ስልክ የሚለው ቃል በዓረብኛ ሽቦ ማለት ሲሆን፤ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን መልእክት የቀድሞ ሰዎች የነፋስ ስልክ ብለውታል። እንግዳ ነገር በመጣ ጊዜ ትርጉሙን መርምሮ ስም ማውጣት የቆየ ልማድ መሆኑን ይህ ይመሰክራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ሽቦ ተዘርግቶ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት ወደ አገር ገባ።

ሁለት ወይም ከዚያ የበዙ ኮምፒዩተሮች መልእክት እንዲለዋወጡ ሲያያዙ መረብ ወይም ኔትወርክ ይባላሉ። የዓለም መረቦች ሁሉ በአንድ ደንብ ተስማምተው የተያያዙበት ታላቁ መረብ ኢንተርኔት ነው። ድረ ገጽ ግን በዚህ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት ጭነቶች አንዱ እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም።

በሀና ማርያም ያለ አንድ ጸሐፊ ወደ ባሕር ዳር ደብዳቤ ቢልክ፤ ደብዳቤው ቍጥር በተሰጣቸው ጥቃቅን ክፍሎች ይቈረጣል። እነዚህ ክፍሎች ፓኬት ይባላሉ። በየመገናኛው ሆኖ መንገዱን የሚያሳያቸው መሣሪያ ራውተር ነው። ደብዳቤው ተቀባዩ እስኪጠይቀው ድረስ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ሰርቨር ወይም አገልጋይ ይባላል። ሰርቨሩ በውጭ አገር ያለ እንደ ሆነ፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፤ መልእክቱ በጅቡቲ ወይም በኬንያ አልፎ ከባሕር ሥር ከተዘረጋው ገመድ ይደርሳል። ከሀና ማርያም ባሕር ዳር የተጻፈው ቃል ባሕር ተሻግሮ የሚመለስበት ምክንያት ይህ ነው።

መልእክት ያለ አድራሻ አይደርስም። የኮምፒዩተር አድራሻ አይፒ ይባላል፤ በቀድሞው ሥርዓት ከ0 እስከ 255 ባሉ 4 ቍጥሮች ይጻፋል። ቍጥሩን ማስታወስ ለሰው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ዶሜይን የሚባል ስም ተሰጠው፤ መጨረሻው ነጥብ ኢ ቲ የሆነው ለኢትዮጵያ የተመደበ ነው። ስሙን ወደ ቍጥር የሚመልሰው መዝገብ ዲ ኤን ኤስ ይባላል።

ብዙዎች ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ ያደርጋሉ። ዋይፋይ ግን ከራውተሩ እስከ ተጠቃሚው መሣሪያ ያለው አጭር የነፋስ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ የዋይፋዩ ምልክት በርትቶ ሳለ ኢንተርኔት ሊጠፋ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን መሣሪያ ሲያስፈታ ይውላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው የይለፍ ቃል ነው። ዘበኛ ቃሉን የተናገረውን ያሳልፋል እንጂ ፊቱን አይመረምርም፤ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው የሰጠ ሹም ማኅተሙን አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቈጠራል፤ በስሙ ለሚፈጸመው ሁሉ ተጠያቂው እርሱ ይሆናልና። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቍጥር ለጠየቀ ሁሉ መንገርም የጎተራን ቍልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። በድረ ገጽ አድራሻ አጠገብ የሚታየው የቍልፍ ምልክትም ደብዳቤው በመንገድ እንዳይነበብ መታሸጉን ያመለክታል እንጂ፤ ተቀባዩ እውነተኛ ሰው ለመሆኑ ዋስ አይሆንም። አታላይም የታሸገ ደብዳቤ ይቀበላል።

ሕጉ ወደ ኋላ አልቀረም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በ2008 ዓ.ም.፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ታውጀዋል። ነገር ግን የቃሉን ትርጉም ለማያውቅ ሰው አዋጁ ዝግ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ለሠራተኞቻቸው፤ ካህናትም ምክራቸውን ለሚሰማው ምእመን እነዚህን ጥቂት ቃላት በሚገባው አማርኛ ቢያስረዱ፤ የብዙ ሰው ገንዘብና ክብር ከጥፋት ይድናል። ከተበደሉ በኋላ ከመጮኽ አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይሻላል።