በደጋ አገር ዶሮ ስለ ማርባት

በደጋ አገር ዶሮዎቹ ያለቁበት ሰው ምክንያቱን የተጠየቀ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ «ብርድ ፈጀብኝ» ብሎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር ከፊሉ እውነት፥ ከፊሉ ግን ስሕተት ነው። ብርድ ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሦስት ናቸውና፤ አንደኛው የዶሮው ቤት እርጥበት ነው፤ ሁለተኛው ላባ ያላወጣ ጫጩት ሳይሸፈን መቅረቱ ነው፤ ሦስተኛው ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው። የሦስቱም መድኃኒት ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ሁሉን በብርድ የሚያመካኝ ሰው አንዱንም ሳያርም በሚመጣው ዓመት ሌላ ዶሮ ይገዛል፤ እርሷም እንደ ፊተኞቹ ትሞታለች።

አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች የወይና ደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ፥ በወገራና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው ግን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ በአዘዞ በነጠላ የሚያመሽ ሰው በደባርቅ ጋቢ መደረብ አለበት። ዶሮም የራሷ ጋቢ አላት። የገላዋ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከሰው ሙቀት በ4 ዲግሪ ይበልጣል። ይህን ሙቀት የምትጠብቀው ላባዋን ነፋ አድርጋ በመካከሉ አየር በመያዝ ነው። ላባው ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ፥ ያደገች ዶሮ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ያለ እሳት ታልፈዋለች። ላባው የረጠበ ወይም ነፋስ የገለጠው እንደ ሆነ ግን ያ አየር ይጠፋል፤ የበላችው እህል ሁሉ ገላዋን ለማሞቅ ብቻ ይውልና ዕንቁላሉ ይቋረጣል።

ስለዚህ ዶሮ ከመግዛት በፊት ቤቱን መሥራት ይገባል። በብዙ ስፍራ ዶሮ የምታድረው ከሰው ጋር በአንድ ጎጆ፥ በምድጃው አቅራቢያ በተሠራ ቆጥ ላይ ነው። ሙቀት ስለሚገኝበት ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ጢሱ ለዶሮይቱ ሳንባ፥ ኩሷም ለሰው ጤና አይስማማም፤ ቅንቅኑም ከቆጡ ወደ መኝታ ይወርዳል። ከመኖሪያው ግድግዳ ተጠግቶ ለብቻው የሚሠራ ትንሽ ቤት ይሻላል። ለ6 ዶሮ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፥ ወርዱ አንድ ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት እስከ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት ይረበረባል፤ በጭቃም ይመረጋል፤ በላዩ አንድ ስንዝር የሚሆን ደረቅ የገብስ ገለባ ይነሰነሳል። ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግ፤ ደጁም የጧት ፀሐይ እንዲያገኘው ወደ ምሥራቅ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ብርድ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ዶሮ ግን ሌሊቱን ሁሉ እርጥበት ትተነፍሳለች፤ ኩሷም አብዛኛው ውኃ ነው። መውጫ ያጣው እርጥበት ተመልሶ በላባዋ ላይ ያርፋል። ትክክለኛው ሥራ፥ ዶሮዎቹ በቆጡ ላይ ሲያድሩ ከራሳቸው በላይ አንድ ክንድ እስኪደርስ ድረስ ግድግዳውን ፈጽሞ መድፈን፥ ከዚያ በላይ ከጣሪያው ሥር በሁለት ወገን መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት መተው ነው። ክፍተቱም ሸለምጥማጥ እንዳይገባበት በሽቦ ወይም በቀጫጭን እንጨት ይጋረዳል። ክዳኑ ሣር ቢሆን ይመረጣል። ቆርቆሮ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የዶሮዎቹ ትንፋሽ በውስጡ ወደ ውኃ ተለውጦ ሊነጋ ሲል በላያቸው ይንጠባጠባል፤ በቆርቆሮ የከደነ ሰው ከሥሩ ሣር ያልብሰው። ቆጡ ክብና ቀጭን ከሚሆን አራት ጣት ወርድ ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ቢሆን፥ ዶሮይቱ ስትቀመጥ ጣቶቿን በሆዷ ላባ ለመሸፈን ትችላለች። ቤቱ መልካም መሆኑን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፥ ጧት ደጁ እንደ ተከፈተ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባ፤ ሽታው ዓይኑን ካስለቀሰው ገለባው መለወጥ፥ የላዩም ክፍተት መስፋት አለበት።

በአውሮጳና በሰሜን አሜሪካ ስለ ብርድ አገር ዶሮ የተጻፉ መጻሕፍት በቤቱ ውስጥ መብራት እንዲበራና ውኃው በረዶ እንዳይሆን በመሣሪያ እንዲሞቅ ይመክራሉ። ይህ ምክር ለዚያ አገር የታሰበ ነው። በዚያ ብርዱ በሚበረታበት ወራት ቀኑ እጅግ ስለሚያጥር ዶሮ ዕንቁላል ታቆማለች። በጎንደር ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ውርጩም ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ለሀገር ዶሮ መብራት መግዛት አያሻም፤ በብርድ ጧት ለብ ያለ ውኃ መስጠት ይበቃታል።

ዶሮ ሲገዛ የት እንዳደገች መጠየቅ ይገባል። አዘዞ የመተማው መንገድ ከባሕር ዳሩ መንገድ የሚለይባት ስፍራ ናትና፥ ከቈላም ከደጋም የመጣ ዶሮ ሊገኝባት ይችላል። አንገቷ ላባ የሌለባት ዶሮ ሙቀት በቶሎ ስለምታስወጣ ለቈላ የተፈጠረች ናት፤ በደጋ ግን ይኸው ጠባይዋ ይጎዳታል። ለደጋ የሚሆነው ላባው የጠቀጠቀ፥ በራሱም ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትንሽና ዝቅ ያለ ነው። ገብስማ ወይም ቀይ መሆን በበዓል ገበያ ዋጋ ሊያስጨምር ይችላል፤ ብርድን ለመቻል ግን አንዳች አይረዳም።

ከውጭ አገር የመጡትና የተሻሻሉት ዝርያዎች ቀለባቸው ከተሟላ በዓመት ከ250 በላይ ዕንቁላል ሲጥሉ፥ የሀገር ዶሮ የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ያህል ነው። ይህን የሰማ ጀማሪ ወዲያው ወደ ውጭው ዝርያ ያዘነብላል። ሆኖም ያች ዶሮ በገንዘብ የሚገዛ ቀለብ በየቀኑ ትፈልጋለች፤ ለመታቀፍም እምብዛም አትወድም። የሀገሪቱ ዶሮ ዕንቁላልዋ የሚያንሰው አንዱ ምክንያት፥ ጊዜዋን በመታቀፍና ጫጩት በማሳደግ ስለምታሳልፈው ነው። ለጀማሪ ይህ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ስለዚህ በ5 ቄቦችና በአንድ አውራ ዶሮ ቢጀምር ይበቃዋል።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህንም በደጋ ያለ ወጪ የምትሰጠው እናቲቱ ናት። ከ10 እስከ 12 የሚሆን፥ ከተጣለ 10 ቀን ያላለፈውና ያልታጠበ ዕንቁላል ማሳቀፍ ተገቢ ነው። በ7ኛው ሌሊት ዕንቁላሉን በሻማ ብርሃን አንጻር ቢያዩት፥ የደም ሥር ያልታየበት ሕይወት የለውምና ይወጣል። ጊዜውን መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። መስቀል አልፎ መስከረም 20 ቀን የታቀፈች ዶሮ በ21 ቀን፥ ማለት ጥቅምት 11 ቀን ትፈለፍላለች። ዝናሙ አቁሟል፤ የመከሩም ጊዜ ስለ ደረሰ ጥሬው አይታጣም። ጫጩቶቹ በ6 ሳምንት ላባቸውን ስለሚያወጡ፥ ኅዳር 23 ቀን ገደማ ብርቱው ውርጭ ሲመጣ ለብሰው ይጠብቁታል። ወንዶቹም ፋሲካ ሲደርስ የስድስት ወር ያህል ሆነው ለገበያ ይበቃሉ። በሰኔ ያሳቀፈ ሰው ግን ጫጩቶቹን ለሐምሌ ጭቃ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ዐቢይ ጾምም ለማሳቀፍ የማይከፋ ጊዜ ነው፤ ዕንቁላሉ ያን ጊዜ ርካሽ ነውና።

እናቲቱ የሞተችባቸው ጫጩቶች እንዳይጠፉ፥ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ የተጠና አንድ ቀላል ብልሃት አለ። ይኸውም እሳትም መብራትም የማያስፈልገው የገለባ ሣጥን ነው። አንዱ ሣጥን በሌላው ውስጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ደረቅ ሣር ይጠቀጠቃል፤ ክዳኑም ሣር የተሞላ ከረጢት ይሆናል። ጫጩቶቹ አንድነት ሲተኙ የራሳቸው ሙቀት ሳይወጣ ይቀራል። ትንፋሽ እንዳያጥራቸው ግን ትንሽ የአየር ቀዳዳ አይታጣበት።

ስለ ምግብ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጭራ የምታገኘው ላይ፥ ማታ ወደ ቆጥ ከመውጣቷ በፊት አንድ እፍኝ ገብስ ቢጨመርላት ሌሊቱን ሲፈጭ ገላዋን ያሞቃታል። የኑግ ፋጉሎ በጥቂቱ፥ ጎመን፥ የደቀቀም የዕንቁላል ቅርፊት ይጨመር።

ከሁሉ የሚከፋው ፈንግል ነው። በሌላው ዓለም የሚጠራው በ1926 እ.ኤ.አ. በታየበት በእንግሊዝ አገር ከተማ በኒውካስል ስም ነው። የታመመችው ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንዳንዲቱም አንገቷ ይጣመማል። በጥቂት ቀን ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሊያልቅ ይችላል፤ ከያዛትም በኋላ የሚያድናት መድኃኒት የለም። በሽታው የሚበረታው ዝናም ሲጀምርና በበዓላት ሰሞን ዶሮ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዘዋወር ስለ ሆነ፥ ሰው በብርድ ቢያመካኘው አይደንቅም።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ጥፋት አለ። አንዲት ዶሮ የሞተችበት ሰው የቀሩት ሳይሞቱ ዋጋቸውን ላግኝ ብሎ ወደ ገበያ ያወጣቸዋል። የድኻ ሰው አሳብ ስለ ሆነ የሚያስቈጣ አይደለም፤ የዶሮው ገንዘብ የቤት እመቤቲቱ ጨው መግዣ፥ የልጆቹም ደብተር ነውና። ነገር ግን ያችን ዶሮ የገዛው ሌላው ድኻ በሳምንቱ መንጋው ሁሉ ያልቅበታል፤ እርሱም በተራው «ብርድ ፈጀብኝ» ይላል። በሽታው በገባበት ሰፈር መሸጥና መግዛት ሊቆም፥ የሞተችውም በወንዝ ወይም በሜዳ ሳትጣል በጥልቅ ልትቀበር ይገባል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ጤነኛ ብትመስልም 14 ቀን ለብቻዋ ትቀመጥ።

ጤነኞቹን የሚጠብቅ ክትባት ግን አለ፤ በቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይሠራል። ሙቀትን ይችል ዘንድ የተዘጋጀው ዓይነት በዓይኗ አንዲት ጠብታ ብቻ የሚደረግ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ከመሆኑም በላይ ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ ስለማይቆይ፥ 5 ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ሊገዛው አይመቸውም። የመንደር ሽማግሎችና መምህራን የሚያስፈልጉበት ሥራ ይህ ነው። ሽማግሎቹ ቀኑን ይቈርጣሉ፤ ዶሮዎቹም ገና ከቆጥ ሳይወርዱ ማልዶ ይያዛሉና የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በየደጁ ሲዞር ያገኛቸዋል። መምህሩ የእያንዳንዱን ቤት ዶሮ ቍጥር በተማሪዎቹ አስጽፎ በመዝገብ ይይዛል፤ ክትባቱ በየአራት ወሩ የሚደገም ስለ ሆነ፥ ለመስከረም የተያዘው መዝገብ ለጥርና ለግንቦትም ያገለግላል፤ በመካከሉ የተፈለፈሉት ጫጩቶች በየቤታቸው ስም ይጨመሩበታል።