ትንበያው ከዝናቡ ቀድሞ ነበር

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን አብዛኛው የቁም እንስሳት ላኪ የሚያውቀው በእገዳው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሽታው ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደውን እንስሳ አገደች። ለሶማሊያ በግና ፍየል በሩ ዳግም የተከፈተው በ2009 ነው። በጉን በበርበራ በኩል የሚሸጠው የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል አርብቶ አደርም፣ በአገሩ ወረርሽኝ ሳይመዘገብ፣ አብሮ ከሰረ።

በሽታው አንድ ሙያ ብቻውን የሚችለው አይደለም። በ1931 በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ የተገኘውን ቫይረስ በጋራ ለዓለም ያስተዋወቁት ሁለት የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪዎችና አንድ የሰው ሐኪም ነበሩ። ኋላ ግን ሁሉም በየፊናው ሄደ። የትንኝ አጥኚዎች ቫይረሱ ውሃ በሚቋጥሩ ረባዳ ቦታዎች፣ በትንኝ እንቁላል ውስጥ ሆኖ ድርቁን እንደሚሻገር ደረሱበት። የአየር ንብረት ሰዎች ደግሞ የውቅያኖስ ሙቀትና የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት ይከታተሉ ነበር። የሁለቱ እውቀት ሲገናኝ ወረርሽኙን እስከ 5 ወር አስቀድሞ መተንበይ እንደሚቻል በ1999 የታተመ ጥናት አሳየ።

በ2006 ትንበያው በተግባር ተፈተነ፤ ትክክልም ሆነ። ፋኦ በኖቬምበር አስጠነቀቀ፤ በዲሴምበር ጋሪሳ ውስጥ ሰው መታመሙ ሪፖርት ተደረገ። በኬንያ ብቻ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በኋላ ያሰሉት የኬንያ ኪሳራ ከ2.1 ቢሊዮን ሽልንግ፣ ማለትም ከ32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ አያንስም። ገበያ ሲዘጋ የከሰረው ባለ ከብቱ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴው፣ ቄራው፣ ሥጋ ሻጩና የቀን ሠራተኛውም ጭምር እንጂ።

ታዲያ ክትባቱ ለምን ዘገየ? የሳይንስ እጥረት አልነበረም። በጀት የሚለቀቀው በሽታው በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ከሆነ፣ ማረጋገጫው ሲመጣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል። ተንባዩ የገንዘቡን ቁልፍ አልያዘም፤ ቁልፉን የያዘው ደግሞ ትንበያው ቢስት የሚጠየቀው እሱ ነው። በዚህ ሁኔታ መጠበቅ ለባለሥልጣኑ ርካሽ ነው፤ ለአገር ግን ውድ።

ከወረርሽኙ በኋላ ተመራማሪዎች ከሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ጋር ቁጭ ብለው ጠየቁ። በሽታው ስም ነበረው፤ «ሳንዲክ»፣ አፍንጫን የሚያደማ። የቀን ቆጠራም ወጣለት። ከከባዱ ዝናብ እስከ ትንኙ መንጋ ከ3 ሳምንት በላይ፣ ከትንኙ እስከ መጀመሪያው የታመመ እንስሳ ከ2 ሳምንት በላይ፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው የታመመ ሰው ደግሞ እንደገና ከ2 ሳምንት በላይ። ተደምሮ ሁለት ወር ገደማ። እኔ በሙያዬ ከሳተላይቱ ሥዕል ይልቅ ይህን ቆጠራ አስበልጣለሁ፤ የትኛው ወጪ በየትኛው ሳምንት እንደሚያዋጣ የሚነግረኝ እሱ ነውና። ኢልሪና ፋኦ ከአካባቢው ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጁት የውሳኔ መመሪያም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ከትንበያ እስከ ሰው ሕመም ባለው በእያንዳንዱ ደረጃ ምን መደረግ እንዳለበት ይዘረዝራል።

አሁን ደግሞ ለሰውም ለእንስሳም በአንድ መሠረት የሚሠራ ክትባት በሙከራ ላይ አለ። ከኦክስፎርዱ የኮቪድ ክትባት ጋር አንድ ዓይነት ተሸካሚ ቫይረስ ይጠቀማል። ኬንያ ውስጥ በበግ፣ በፍየልና በከብት ላይ ተሞክሯል፤ በሰውም ሙከራው ተጀምሯል። ነፍሰ ጡር በግና ፍየል ላይ መሞከሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቆየው ሕያው ክትባት ስለሚያስጨነግፍ አርቢው በዝናብ ዋዜማ መንጋውን ለመርፌ ለማቅረብ ይፈራ ነበር።

ለላኪው ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። የተከተበ በግ በደሙ ፀረ እንግዳ አካል ይኖረዋል፤ የኳራንቲን ምርመራው የተከተበውን ከታመመው ካልለየ፣ ክትባቱ ራሱ ጭነት ያስመልሳል። አዲሱ ክትባት የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ፕሮቲኖች ብቻ ስለሚይዝ፣ የውስጡን ፕሮቲን የሚፈልግ ምርመራ ሁለቱን መለየት ይችላል። ይህን ምርመራ የባሕረ ሰላጤው ገዢ አገሮች በጤና ሰርተፊኬታቸው እንዲቀበሉት የሚደረገው ድርድር የላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም፤ የላኪዎች ማኅበራት ክትባቱ ገበያ እስኪወጣ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ወንበር ሊጠይቁበት ይገባል።