ሐራራና አንጎል፦ ጫትና አልኮል በሚቆሙበት ጊዜ የሚሆነው

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚወጣው አውራ ጎዳና በፉሪ አካባቢ አልፎ አለም ገና ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሰበታ በኩል ወደ ወሊሶና ጅማ ሲቀጥል ሌላው ወደ ቡታጅራ ይታጠፋል። በዚህ ጎዳና ዳር አእምሮን የሚለውጡ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ አንዱ ከገጠር በማለዳ ተጭኖ የሚመጣው ጫት ነው፣ ሌላው ደግሞ እዚያው አካባቢ የሚመረተው አልኮል ነው፤ ምክንያቱም ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ መገኛ ከመሆኗም በላይ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ አንዱ ማምረቻ የተተከለባት ከተማ ናት። ስለ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው አስተያየት ጫት ሲተዉት እንደ አረቄ እጅ ስለማያንቀጠቅጥ ልማድ እንጂ ሱስ አይደለም፣ አረቄም ቢሆን ልበ ቆራጥ ሰው በአንድ ቀን ሊተወው ይችላል የሚል ነው። ያለፉት ሰባ ዓመታት የአንጎል ጥናት ግን ሁለቱም አስተያየቶች የተሳሳቱ መሆናቸውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ነፍስ እስከማጥፋት የሚያደርስ መሆኑን ያሳያል።

ጉዳዩ በጥቂት ሰዎች ላይ የተወሰነ አይደለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ይቅሙ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ 17.4 በመቶው በየቀኑ ይቅሙ ነበር።

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በመካከላቸው ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካል በመልቀቅ ነው፤ አንዱ ሴል የለቀቀውን ኬሚካል ሌላው ሴል ተቀባይ በሚባሉ ፕሮቲኖቹ አማካይነት ይይዘውና መልእክቱን ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተክለው፣ አይጦቹ መጫኛውን በነኩ ቁጥር አነስተኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲደርሳቸው ባደረጉ ጊዜ፣ ሽቦው በተወሰኑ ሥፍራዎች ላይ ካረፈ እንስሳቱ ሳይታክቱ መጫኛውን እንደሚመላለሱበት ተመለከቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ራሱን የቻለ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን አረጋገጠ፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ኦልድስና ሚልነር በአጋጣሚ የደረሱበት መስመር በአብዛኛው የዚህ የዶፓሚን መስመር መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ መስመሩም ከመካከለኛው አንጎል ተነሥቶ ኒውክሊየስ አኩምበንስ ወደሚባለው ውስጣዊ ክፍል የሚዘልቅና ምግብን፣ ወዳጅነትንና ሌሎች ለሕይወት የሚያስፈልጉ ነገሮችን ደግመን እንድንፈልግ የሚያደርገን ነው።

ጫት የሚሠራው በዚሁ መስመር ላይ ነው። ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከቅጠሉ ውስጥ ቀደም ብሎ ቢታወቅም ኃይሉ የጫትን ኃይል ሊያብራራ አልቻለም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ በእርጥብ ቅጠል ውስጥ ካቲኖንን አገኘ፣ ከዚያም በ1980ዎቹ ፒተር ካሊክስ በጄኔቫ ባደረጋቸው ሙከራዎች ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ሁሉ ዶፓሚንን ከሴሎች ማከማቻ አስገድዶ እንደሚያስወጣ አሳየ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በሌሊት የሚያስጉዝበትና ቃሚው ያደረ ጫት የሚንቅበት ልማድ ላቦራቶሪው ከደረሰበት ግኝት ጋር በትክክል ይገጥማል። በቃሚው ደም ውስጥ ያለው የካቲኖን መጠን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መቃም ከጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ የምርቃናው ጨዋታና ትጋትም የዚህ ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ አንጎል ከውጭ የሚመጣበትን ግፊት ዝም ብሎ አይቀበልም። ዶፓሚን በየቀኑ ከልክ በላይ ሲፈስስበት የራሱን ምላሽ ይቀንሳል፤ እነ ኖራ ቮልኮው በአሜሪካ የአንጎል ምስል በሚያነሡ መሣሪያዎች ባደረጓቸው ጥናቶች ኮኬይንና ሜታምፌታሚን ለረጅም ጊዜ በተጠቀሙ ሰዎች ላይ ዲ-ሁለት የሚባሉት የዶፓሚን ተቀባዮች አንሰው ተገኝተዋል። ጆርጅ ኩብ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በዚሁ ጊዜ የጭንቀት ኬሚካሎች ሥራቸውን እንደሚያበረቱ፣ ስለዚህም ሱስ የያዘው ሰው ከጊዜ በኋላ ዕፁን የሚፈልገው ለደስታ ሳይሆን ከመከፋት ለመውጣት እንደሆነ ያስረዳል። ቃሚዎች ሐራራ የሚሉት ድካም፣ ማዛጋት፣ ንጭንጭና ትኩረት ማጣት በዚህ ይብራራል። ሌሊት የሚያስጨንቀውና ዱካክ የሚባለው ቅዠት እንኳ ለመረዳት አያዳግትም፤ አምፌታሚንና ዘመዶቹ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ስለሚያፍኑ፣ ዕፁ ሲቋረጥ ያ የታፈነው እንቅልፍ በርትቶ ይመለሳል። ዱካኩ እርኩስ መንፈስ መስሎት በማግሥቱ ወደ በርጫ የሚመለስ ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ጥቂት ሌሊቶችን በትዕግሥት ለማለፍ ይችል ነበር።

ሐራራ ግን ሰውነት ዕፁን ሲያጣ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቮልፍራም ሹልትስ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ምርምር የዶፓሚን ሴሎች መጀመሪያ የሚነቁት ጣፋጩ ጭማቂ አፍ ሲገባ ሲሆን፣ ጭማቂውን የሚያስቀድም የብርሃን ምልክት ከተለመደ በኋላ ግን ሴሎቹ በጭማቂው ፈንታ በምልክቱ መንቃት እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ለቃሚ ምልክቱ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት፣ የተነጠፈው ምንጣፍ፣ የለውዙ ሳህን፣ በመንገድ ዳር የተደረደረው እስር ነው፤ ካቆመ ወራት ያለፉት ሰው እንኳ እነዚህን ሲያይ ፍላጎቱ የሚቀሰቀሰው ለዚህ ነው።

አልኮል በአንጎል ውስጥ የሚያደርገው ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ጋባ የሚባለው ኬሚካል የነርቭ ሴሎችን ሥራ የሚያበርድ፣ ግሉታሜት የሚባለው ደግሞ የሚያነሣሣ ሲሆን፣ አልኮል የመጀመሪያውን ኃይል ይጨምራል፣ የሁለተኛውን ይቀንሳል። ለዓመታት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለማካካስ የጋባን ተቀባዮች ያደክምና የግሉታሜትን ያበዛል፤ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚሆነውም በገመድ ጉተታ አንደኛው ወገን ገመዱን ሲለቅ ሌላው በራሱ ጉልበት እንደሚወድቀው ነው። የመጨረሻው መጠጥ በገባ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ በአንዳንዶች ላይ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠትና ትኩሳት ያለበት፣ ካልታከመም የሚገድል የአእምሮ መታወክ ይከተላል።

ይህ የሰዓታትና የቀናት ቅደም ተከተል በአገራችን በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ከመጠጥ ለመላቀቅ ጸበል የሚገባ ወይም በቤተሰቡ በር ተዘግቶበት እንዲቀመጥ የሚደረግ ሰው የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው ከመሄዱ በፊት በነበረው ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር እያየ ሲጮኽ የሚያዩት ሁሉ ነገሩን ከመንፈስ ጋር ብቻ ቢያያይዙት አያስገርምም። ጸበሉን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ብዙ የሚጠጣ ሰው ከማቆሙ በፊት በሐኪም መታየቱ ነው። ሕክምናው ውድ ወይም ረቂቅ አይደለም፤ ዳያዜፓምና መሰሎቹ የተዳከመውን የጋባን ሥራ ለጥቂት ቀናት ደግፈው ቀስ በቀስ ይቀነሳሉ፣ የረጅም ጊዜ ጠጪ ሰውነት የሚጎድለው ቫይታሚን ቢ-1 ደግሞ የማስታወስ ችሎታን ለዘለቄታው ከሚያጠፋ ጉዳት ለማዳን ይሰጣል።

ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት ጨብሲ በሚባለው ልማድ ነው። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚከለክለው ማታ በቢራ ወይም በአረቄ ሊሰብረው ይወጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ መጠጡ ያመጣበትን ድካም በጫት ያባርራል። በዚህ መንገድ አንድ ሱስ ሌላውን ያሳድጋል፤ ሰውየው ለመተው በወሰነ ጊዜም ጫቱን ብቻ ትቶ ቢራውን መቀጠል ወይም መጠጡን ትቶ ጫቱን መያዝ የተተወውን የሚጠራ ምልክት በእጁ ይዞ መቆየት ይሆንበታል። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ አንዱ ሲጠይቅ ስለ ሌላውም ሊጠይቅ ይገባል።

የቦታና የልማድ ኃይል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚያሳየው እጅግ የታወቀ ማስረጃ የሊ ሮቢንስ ጥናት ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ከያዛቸው አሜሪካውያን ወታደሮች መካከል አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም በሱሱ የተያዙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ሄሮይኑን ከሚያስታውሳቸው ምድር፣ ጓድና ሕይወት ርቀው ነበርና። የፉሪ ነዋሪ ግን በአማኑኤል ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታክሞ ሲወጣ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው የታክሲ ተራ፣ ወደነዚያው ባልንጀሮች ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰው ዳግም ሲጀምር ፈቃደ ደካማ ብሎ መውቀስ ፍትሕ የጎደለው ነው።

ለጫት ሱስ የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ምክርና ክትትል ግን ይረዳሉ። ቮልኮው ሜታምፌታሚን ያቆሙ ሰዎችን ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት ወራት በኋላ ዳግም ስትመረምር ዶፓሚንን መልሰው የሚሰበስቡት ፕሮቲኖች በከፊል አገግመው አግኝታለች፤ የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተናዎቻቸው ግን በዚያው ልክ አልተሻሻሉም ነበር። ጫት ከሜታምፌታሚን የለዘበ ቢሆንም፣ ካቆመ በሁለተኛው ሳምንት ደስታ የራቀው ሰው በዚያው ስሜት ዕድሜ ልኩን የሚኖር ሊመስለው እንደማይገባ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሕክምናው ዕቅድም የሚለካው በወራት ነው፤ ከሆስፒታል የወጣው ሰው ሐራራው ሲመለስበት በቀጠሮ ሳይሆን በዚያው ቀን ሄዶ የሚያነጋግረው ባለሙያ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ማግኘት ይኖርበታል።