አዮዳይድና አዮዴት፤ በጨው ንግድ የሚምታቱ ሁለት ቃላት

በደባርቅ፥ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ገበያዎች ጨው ከጥንት ጀምሮ ዋነኛ ሸቀጥ ነው። ከአፋር በረሓ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በሰሜኑ አገር እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ዛሬ ግን ጨው የሚፈለገው ለጣዕሙ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ስላለው አዮዲን ጭምር ነው። በደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን አጥቦ ስለሚወስደው በእህሉም ያንሳል። ከዚህም ጉድለት እንቅርት ይመጣል፤ በማሕፀን ያለ ሕፃንም አእምሮው ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል።

አዮዲን ወደ ጨው የሚገባው ግን ብቻውን ሳይሆን ከፖታሲየም ጋራ ተዋሕዶ ነው። ይኸውም በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ፖታሲየም አዮዳይድ፥ ሁለተኛው ፖታሲየም አዮዴት ይባላል። ልዩነታቸው ኦክሲጅን ነው፤ አዮዳይድ ኦክሲጅን የለውም፥ አዮዴት ግን ለአንድ አዮዲን ሦስት ኦክሲጅን ይዟል።

ይህም ልዩነት ለነጋዴው ሁለት ነገር ያስከትላል። የመጀመሪያው ጽናት ነው። አዮዳይድ እርጥበት፥ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው አዮዲኑን ይለቅቃል፤ አዮዲኑም ተንኖ ይጠፋል። አዮዴት ይበልጥ ይጸናል፤ ስለዚህ እንደ አፍዴራ ጨው በፀሐይ ደርቆ እምብዛም ላልተጣራ ጨው የሚመረጠው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ከ100 ግራም አዮዳይድ 76 ግራም ያህሉ አዮዲን ሲሆን፥ ከ100 ግራም አዮዴት ግን 59 ግራም ያህሉ ብቻ ነው። ለአንድ ቶን ጨው 40 ግራም አዮዲን ቢፈለግ፥ ከአዮዳይድ 52 ግራም፥ ከአዮዴት ግን 67 ግራም ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ለአዮዳይድ በተሰላው መጠን አዮዴት ቢገባ፥ ጨው ከሚገባው አዮዲን ሩብ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ያጣል፤ የተገላቢጦሹ ቢሆን ደግሞ ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ የቃሉን መጨረሻ በጥንቃቄ ማየት ይገባዋል።

ባለሱቁም ድርሻ አለው። አዮዴትም ቢሆን በስሜን ክረምት እርጥበት በተከፈተ ከረጢት ቢከርም ይቀንሳል። ጨውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ ከፀሐይና ከዝናብ ከልሎ ማኖር፥ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ መሸጥ ያሻል። ገዢው አዮዲኑን በዐይኑ አያየውም፥ በምላሱም አይለየውም፤ የሚያምነው በከረጢቱ ላይ የተጻፈውንና የነጋዴውን አያያዝ ነው።